ከፔኒ ጥቅል የሚገኘውና የማይገኘው፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

አሜሪካ በሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። ከባንክ የፔኒ (የዶላር አንድ መቶኛ የሆነችው ሳንቲም) ጥቅል እያወጡ በመፈተሽ፣ ከሥራ በኋላ በሚተርፍ ሰዓት ብቻ፣ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ማግኘት ይቻላል ይላል። ምክሮቹ ባጭሩ እነዚህ ናቸው፦ የማምረቻ ምልክት (የተመታበትን ከተማ የሚያሳይ ፊደል) የሌለው ፔኒ ብርቅ ነው፤ ፊደሉ ድርብ ሆኖ የሚታይ ሁሉ በውድ ይሸጣል፤ የ1943 ፔኒ ያገኘ ሰው ሀብታም ሆነ ማለት ነው፤ የ1982ቱ መዳብ ይሁን ዚንክ በቀለሙ ይለዩ፤ ያገኙትን ከመሸጥዎ በፊት ያጽዱ፤ ባንክ አልሰጥ ካለ «ያልተፈተሸ» ጥቅል በኢንተርኔት ይግዙ፤ የቀረውን የመዳብ ፔኒ አጠራቅመው አገር ቤት ይውሰዱ። በየተራ እንመልሳለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥቅል መፈተሽ ከንቱ ነው ልንል አልተነሣንም። ጽሑፉ አንድ ትክክለኛ ነገር ብሏል፤ ከባንክ የወጣ ፔኒ ምንም ባይገኝበት በዋጋው ተመልሶ ይገባል፣ ኪሳራው ጊዜ ብቻ ነው። የሚያሳስበን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በሌሊት ፈረቃ የተገኘ ሁለት መቶ ዶላር ለተጭበረበረ ጥቅል ወይም የሳንቲምን እውነተኛነት ለሚያረጋግጥ ድርጅት በማያስፈልግ የምርመራ ክፍያ ከወጣ ግን ነገሩ የጊዜ ኪሳራ ብቻ መሆኑ ይቀራል።

የጽሑፉ ትልቁ ጉድለት ፔኒ እንዴት እንደሚሠራ አንድ መስመር እንኳ አለመጻፉ ነው። ሳንቲም የሚመታው ዳይ በሚባሉ ሁለት የብረት ማኅተሞች መካከል ነው፤ አንዱ የሊንከንን ፊት፣ ሌላው ጀርባውን ይይዛል። ምንም ያልተጻፈበት ክብ ብረት መካከላቸው ይገባና በአንድ ምት ሳንቲም ሆኖ ይወጣል። ዳዩ ራሱ ደግሞ ሀብ በሚባል እናት ማኅተም ተጭኖ የተቀረጸ ነው። እንግዲህ ዋጋ የሚያወጣው ስሕተት በዳዩ ላይ፣ በክቡ ብረት ላይ ወይም በምቱ ቅጽበት የተፈጠረው ነው። ሳንቲሙ ከማሽኑ ከወጣ በኋላ የደረሰበት ነገር ሁሉ፣ ምንም ያህል ቢያስገርም፣ ጉዳት ነው፤ ዋጋውም ያው አንድ ሳንቲም ነው።

የመጀመሪያውን ነጥብ ቶሎ እንለፈው። ከዓመቱ ሥር ፊደል የሌለው ፔኒ ብርቅ አይደለም፤ ፊላደልፊያ ተመታ ማለት ነው። ዴንቨር «ዲ»፣ ሳን ፍራንሲስኮ «ኤስ» ሲያደርጉ ፊላደልፊያ በፔኒ ላይ ምንም አያደርግም ነበር። በ2017 ብቻ፣ የማምረቻው 225ኛ ዓመት ሲከበር፣ «ፒ» አደረገ፤ የዚያ ዓመት «ፒ» ያለበት ፔኒም ከአራት ቢሊዮን በላይ ስለሆነ ብርቅ አይባልም። የምልክት አለመኖር በእርግጥ ዋጋ የሚኖረው በ1922 ነው። በዚያ ዓመት ፔኒ የተመታው ዴንቨር ብቻ ስለነበር «ዲ» የሌለው ካለ ፊደሉ ከዳዩ ላይ ጠፍቷል ማለት ነው። የሚፈለገው ዓይነት ፊቱ ደብዝዞ ጀርባው ጥርት ያለ፣ ከዓመቱም ሁለተኛው 2 ከመጀመሪያው 2 ይልቅ የጎላ ነው። ብዙ ሰው «አገኘሁ» የሚለው ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የታሸ፣ «ዲ»ው በስሱ የሚታይ ሳንቲም ነው፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። የ1990ው «ኤስ» የሌለው ደግሞ ለሰብሳቢዎች በልዩ ማሸጊያ የተሸጠ ፕሩፍ ስለሆነ ከባንክ ጥቅል ይጠበቅ ዘንድ ተገቢ አይደለም።

አሁን ወደ ድርብ ፊደል እንምጣ፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና ረዘም አድርገን እንናገራለን።

ደብልድ ዳይ የሚባለው እውነተኛው ስሕተት የሚፈጠረው ዳዩ ሲቀረጽ ነው። በድሮው አሠራር ሀቡ በዳዩ ላይ አንድ ጊዜ ተጭኖ ምስሉን ሙሉ በሙሉ አያወጣም። ብረቱ ስለሚጠነክር በእሳት ይለሰልስና እንደገና ይጫናል። በሁለተኛው ጊዜ ትንሽ ዞር ካለ ሁለት ምስሎች በዳዩ ላይ ይቀራሉ፤ በዚያ ዳይ የተመታ ሳንቲም ሁሉም አንድ ዓይነት ድርብነት ይኖረዋል። የ1955ቱ የፊላደልፊያ ፔኒ የዚህ ምሳሌ ነው። ስሕተቱ ሲታወቅ ሳንቲሞቹ ከሌሎች ጋር ተደባልቀው ነበርና ወደ ሃያ አራት ሺህ የሚጠጉት ወጡ፤ ብዙዎቹም በሰሜን ምሥራቅ ግዛቶች በሲጋራ መሸጫ ማሽን መልስ ሆነው ከፓኬቱ ጋር ሕዝብ እጅ ገቡ። በዚያ ሳንቲም ላይ ዓመቱና ፊደሉ ያለ ማጉያ፣ በዓይን ብቻ ድርብ ሆኖ ይታያል። የመጨረሻዋ 5 ብቻ ጥላ የጣለችበት የ1955 ፔኒም አለ፤ እሱ በዳይ ማለቅ የመጣ ነው፣ የሚያወጣውም ጥቂት ዶላር ብቻ ነው። ጽሑፉ ሁለቱን አንድ አድርጎ ዋጋቸውን አደባልቋል።

ከእውነተኛው በብዙ እጥፍ የሚበዛው የማሽን ድርብነት ነው። ምቱ ላይ ዳዩ ላልቶ ይንቀጠቀጣል፤ ገና የተመታውን ፊደል ጎን ገፍቶ ይጨፈልቀዋል። አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር፣ መብራቱን ከጎን አድርገው፣ ሳንቲሙን ቀስ እያሉ ያዘንብሉት። የማሽን ድርብነት ከሆነ ከፊደሉ ጎን ዝቅ ያለ፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ ደረጃ የሚያብረቀርቅ ነገር ያያሉ፤ ፊደሉም ከጎኑ ስለተቀነሰበት ይቀጥናል። ደብልድ ዳይ ከሆነ ግን ፊደሉ ይወፍራል፣ ሁለቱም ምስሎች ክብነት ያላቸውና ከፍ ያሉ ናቸው፣ በፊደሉ ማዕዘን ላይም እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ጫፍ ይታያል። አንዱ ከፊደሉ ሥጋ ይወስዳል፣ ሌላው ሥጋ ይጨምራል፤ ይህን የያዘ ዓይን ብዙ ጊዜ አይሳሳትም።

የ1969 «ኤስ» እጅግ ውድ ከሆኑት አንዱ ነው፤ ጽሑፉም በትልቁ ጠቅሶታል። ያልነገረን መለያውን ነው። እስከ 1989 ድረስ «ዲ» እና «ኤስ» በእያንዳንዱ ዳይ ላይ በእጅ የሚመቱት ሀቡ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነበር። ስለዚህ በእውነተኛው የ1969 «ኤስ» ዓመቱ፣ «ሊበርቲ» የሚለው ቃልና ከራሱ በላይ ያለው ጽሑፍ በግልጽ ሲደረቡ «ኤስ» ራሷ ነጠላ ትሆናለች። «ኤስ»ዋም ወደዚያው አቅጣጫ ከተደረበች የማሽን ድርብነት ነው፤ በዚያ ዓመት የሳን ፍራንሲስኮ ፔኒ ላይ ደግሞ ይህ ዓይነቱ የበዛ ነው። ከ1990 ወዲህ ግን ምልክቱ ከሀቡ ጋር ስለተካተተ ይህ መለያ ለአዲሶቹ አይሠራም።

ከጥቅል ውስጥ በተስፋ ሊፈለጉ የሚችሉት የ1972 የፊላደልፊያ፣ ጀርባው ላይ ጽሑፉ ሁሉ የተደረበው የ1983፣ የሊንከን ጆሮ ጫፍ ሁለት የሆነበት የ1984 እና የ1995 ናቸው። የ1995ቱ ከሁሉ ይልቅ ይገኛል፤ በ«ሊበርቲ» እና በራሱ በላይ ባለው ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ይታያል። ያረጀ ከሆነ ግን የሺህ ዶላር ወሬ አይመጣበትም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሀቡ በአንድ ጭነት ብቻ ስለሚቀርጽ ድርብነቱ አነስተኛ ሆኖ ወደ ሳንቲሙ መካከል ተጠግቷል። ሊንከን በወጣትነቱ ግንድ ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ ሲያነብ በሚታይበት የ2009 ፔኒ ላይ መጽሐፉን በያዘው እጅ ላይ ትርፍ ጣት የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ ፔኒ ሲያዩ ጠርዙን ትተው መካከሉን ይመልከቱ።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ከ1982 ወዲህ ያለው ፔኒ ዚንክ ሆኖ በስስ መዳብ የተለበጠ ነው። ልባጡ በፊደሉ ጎን ሲሰነጠቅ ግራጫ መስመር ይታያል፣ ድርብም ይመስላል። ልባጡ ሥር አየር ሲገባም ያብጣል። ሁለቱም ዋጋ የላቸውም።

የ1943 ነገር እንዲህ ነው። በጦርነቱ መዳብ ስለተፈለገ ፔኒ ዚንክ ከተቀባ ብረት ተመታ፤ ቁጥሩ በሦስቱም ከተሞች ተደምሮ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ነው። የዚያ ዓመት ግራጫ ፔኒ የተለመደ ሳንቲም ነው፣ ያረጀው በሳንቲሞች ደረጃ ይሸጣል። ብርቁ ከቀደመው ዓመት የቀረ፣ ከነሐስ (መዳብ ከሚበዛበት ቅልቅል) የተሠራ ያልተመታ ክብ ላይ በስሕተት የተመታው ነው። በ1947 በማሳቹሴትስ አንድ ተማሪ በትምህርት ቤት ምሳ መልስ ያገኘው በ2019 በ204,000 ዶላር ተሸጧል። ጽሑፉ ቀለሙን እዩ ይላል፤ ቀለም ግን ማንም ሰው ቤቱ ሊለብጠው የሚችል ነገር ነው። መጀመሪያ ማግኔት ያስጠጉ፤ ከተጣበቀ በመዳብ የተቀባ ብረት ነውና እዚያው ያቁሙ። ካልተጣበቀ ይመዝኑ፤ ነሐሱ 3.11 ግራም፣ ብረቱ 2.7 ግራም አካባቢ ነው። ቀጥሎ 3ን በማጉያ ይመልከቱ። የእውነተኛው 3 ጅራት ረዝሞ ከሌሎቹ ቁጥሮች መስመር በታች ይወርዳል። የ1948 ፔኒ 8 ግማሹ ተፍቆ 3 የተደረገ ከሆነ ይህ ረጅም ጅራት አይኖረውም። ሦስቱንም ያለፈ ሳንቲም ካለ ብቻ ወደ መርማሪ ድርጅት መላክ ተገቢ ይሆናል።

የ1982 ፔኒ በቀለም አይለይም። አዲሱ ዚንክ በንጹሕ መዳብ ስለተለበጠ አንዳንዴ ከእውነተኛው መዳብ ይበልጥ ይቀላል፤ አሮጌው መዳብ ደግሞ ጠቁሮ ይገኛል። በዚያ ዓመት መሸጋገሪያ ስለነበረ መዳብና ዚንክ፣ ትልቅ ዓመትና ትንሽ ዓመት፣ ፊላደልፊያና ዴንቨር ተደባልቀው ሰባት ዓይነት ፔኒ ተመቷል። ስምንተኛው፣ ማለትም ትንሽ ዓመት ያለው የዴንቨር መዳብ፣ የለም ሲባል ኖሮ የመጀመሪያው በ2016 ተገኘ። ስለዚህ የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከ1982ዎቹ «ዲ» ያለባቸውን ይለዩ፤ ከእነሱም የ2 አንገቱ ጠምዘዝ ያለበትን ትንሽ ዓመት ይምረጡ፤ በትልቁ ዓመት ላይ አንገቱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የተመረጡትን ይመዝኑ። ዚንኩ 2.5፣ መዳቡ 3.11 ግራም ነው፤ ሕጋዊው ልዩነት ለዚንኩ 0.10፣ ለመዳቡ 0.13 ግራም ብቻ ስለሆነ ሁለቱ አይምታቱም። «ዲ» የሌለው ከሆነ አራቱም ዓይነቶች የተለመዱ ናቸውና አይድከሙበት።

ሚዛኑ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ይሁን፤ እስከ 0.1 ብቻ የሚያነበው ለዚህ ሥራ አይመችም። ባትሪ ሲደክም፣ ጠረጴዛው ሲዘም ወይም ማራገቢያ ሲነፍስበት ቁጥሩ ይዋልላል። አዲስ የአምስት ሳንቲም ኒኬል 5 ግራም ስለሆነ ለማረጋገጫ ይረዳል። የ1983ቱንም አብሮ መመዘን ይጠቅማል፤ በመዳብ ላይ የተመታ የ1983 ፔኒ በሺዎች የሚያወጣ ስሕተት ነው። አንድ በአንድ ከመመዘን ይልቅ አምስት አምስት አድርገው ቢያስቀምጡ የዚንክ ድምር 12.5 ግራም አካባቢ ይሆናል፤ 12.8ን ካለፈ ያን አምስት ይበትኑና ለየብቻ ይመዝኑ። ጆሮ የለመደ ሰው ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርጎም ይለያል፤ መዳቡ ይንቃጨላል፣ ዚንኩ ደፍ ይላል።

አጽዱ ስለሚለው ምክር፦ እባካችሁ አታጽዱ። የቤት ናስ በሎሚና በአመድ ተፈትጎ ሲያምር ያየ ሰው ፔኒውንም እንዲሁ ማድረግ ይመስለዋል። አሲዱ ግን የሳንቲሙን የላይኛውን ቆዳ ይበላል፤ መፈተጉ ደግሞ በማጉያ እንደ ፀጉር የሚታይ ጭረት ይተዋል። መርማሪዎች ይህን ወዲያው ያዩታል፣ «የጸዳ» ብለው ይመዘግቡታል፣ ዋጋውም ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። ሳንቲሙን በጠርዙ ብቻ ይያዙ፣ ከለስላሳ ፕላስቲክ ይልቅ በካርቶን መያዣ ያስቀምጡ። የተጣበቀ ሙጫ ወይም ቅባት ካለ ንጹሕ አሴቶን ውስጥ ነክሮ ሳይነኩ ማድረቅ ይቻላል፤ መስኮት ከፍቶ፣ ከእሳት ርቆ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ቅባትና ሽቶ ስለሚጨመርበት አይሆንም።

የሚያስቆጣን ያልተፈተሸ ጥቅል ግዙ የሚለው ነው። አሮጌ በሚመስል ወረቀት የተጠቀለለ፣ በአንደኛው ጫፍ የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪ (ቀይ ሕንዳዊ) ራስ ያለበት የ1800ዎቹ ፔኒ፣ በሌላኛው ጫፍ የ1909 «ኤስ» የሚታይበት ጥቅል በየገበያው አለ። አሮጌ ወረቀት ይገኛል፣ ጫፉን የሚያጥፍ ማሽንም ይሸጣል፤ ስለዚህ የታሸገ መሆኑ ምንም አያረጋግጥም። ከ484,000 በላይ ያልተመታውን የ1909 «ኤስ» ባለ «ቪ ዲ ቢ» (የቀራጩ ስም መጀመሪያ ፊደላት) በእጁ ያለ ሰው በጥቅል ጫፍ ላይ ትቶ አይሸጥም። ጫፍ ላይ የሚታየው ወይ ያረጀና ርካሽ ነው፣ ወይ የተነካካ ነው፣ መካከሉም ተመርጦ የቀረ ተራ ፔኒ ነው። ጫፍ ላይ የ1914 «ዲ» ካዩ በማጉያ ትከሻውን ይመልከቱ፤ የቀራጩ ፊደላት በትከሻው ላይ የተመለሱት በ1918 ስለሆነ በ1914 ላይ ከተገኙ ከ1944 ተፍቆ የተሠራ ነው። በ19 እና በ14 መካከል ያለው ክፍተት መስፋትም ያጋልጠዋል።

ስለ ዋጋም እግረ መንገዳችንን እንበል። ጽሑፉ ያቀረባቸው ሥዕሎች ሻጮች የጠየቁት ዋጋ ነው፤ በ«ኢቤይ» ላይ ተሽጠው ያለቁትን ብቻ የሚያሳየውን ማጣሪያ ካደረጉ የተከፈለውን ያያሉ፣ ልዩነቱም ሰፊ ነው።

ታዲያ ጥቅሉ ከየት ይምጣ? አንድ ጥቅል 50 ፔኒ፣ አንድ ካርቶን 50 ጥቅል፣ 2,500 ፔኒ፣ 25 ዶላር ነው። የፔኒ ምርት ኅዳር 12 ቀን 2025 (በፈረንጆቹ ወር አቆጣጠር) ፊላደልፊያ ላይ ስለቆመ ካርቶን እንደ ቀድሞው ማዘዝ አስቸግሯል፤ ምርቱ የቆመው አንዷን ለመምታት 3.69 ሳንቲም ትፈጅ ስለነበር ነው። አሁን የሚሻለው ገንዘብ ከፋይዋን ደንበኞች በእጃቸው ጠቅልለው ያስገቡትን ጥቅል መጠየቅ ነው፤ አሮጌ ቁጠባ የሚገኘውም በዚያ ነው። በሱፐርማርኬት ሳንቲም መቁጠሪያ ማሽን ሥር ያለችውን የመመለሻ ሣጥንም ይመልከቱ፤ የብረቱን የ1943 ፔኒ ማሽኑ ይተፋዋል። ፈትሸው የጨረሱትን ከገዙበት ባንክ አይመልሱ፤ ያንኑ ጥቅል ነገ ተመልሰው ይገዙታልና።

ሁሉንም ሳንቲም በማጉያ ማየት ዓይን ይገድላል። በመጀመሪያው ዙር በዓይን ብቻ የስንዴ ዘለላ ያለባቸውን፣ እስከ 1958 ያሉትን፣ ከ1982 በፊት ያሉትን መዳቦችና ከላይ የጠቀስናቸውን ዓመቶች ይለዩ። ማጉያው ለእነዚህ ብቻ ይሁን። ከ1998፣ 1999 እና 2000 ምልክት ከሌላቸው የፊላደልፊያ ፔኒዎች ጀርባ ላይ «አሜሪካ» በሚለው ቃል የ«ኤ» እና የ«ኤም» ሥር ሊነካካ ሲል የተለመደው ነው፤ በግልጽ ከተራራቁ ለፕሩፍ የተዘጋጀ ዳይ በስሕተት ገብቷል፤ ከሦስቱ የ1999ኙ ይበልጥ ብርቅ ነው። በ1992 ነገሩ ይገለበጣል፤ የተራራቁት የተለመዱ፣ የተጠጋጉት እጅግ ብርቅ ናቸው።

ጠርዙ የተነከሰ ሳንቲም ካገኙ ከንክሻው ትይዩ ያለውን ጠርዝ ይመልከቱ። እዚያ ጠርዙ ከሳሳ ክቡ ብረት ሲቆረጥ ጎድሎ የመጣ እውነተኛ ስሕተት ነው፤ ሙሉና ጠንካራ ከሆነ በመቀስ ወይም በሞረድ የተቆረጠ ነው። ምስሉ ወደ ጎን ሸሽቶ የተመታ ከሆነ ዓመቱ መታየቱ ዋጋውን ይወስነዋል። በሁለት ሳንቲም መካከል በመጨመቂያ ተጨፍልቆ የተገለበጠ ፊደል ያረፈበት ሳንቲም ግን ብዙ ነው፤ የራሱ ምስል ከሥሩ ተደፍጥጦ ይታያል።

የመጨረሻው ምክር፣ መዳቡን አጠራቅሞ አገር ቤት ወስዶ ለአቅላጭ መሸጥ፣ ሰውን ፍርድ ቤት ሊያቆም የሚችል ነው። 146 ያህል የመዳብ ፔኒ አንድ ፓውንድ ስለሚመዝን መዳቡ ከአንድ ሳንቲም በላይ እንደሚያወጣ እውነት ነው። ለዚህም ነው የአሜሪካ ሳንቲም ማምረቻ በታኅሣሥ 2006 ፔኒና ኒኬልን ማቅለጥና ለዚሁ ከአገር ማውጣት የከለከለው፤ በ2007 ደንቡ ጸንቷል። ቅጣቱ እስከ 10,000 ዶላር፣ እስከ አምስት ዓመት እስራት ወይም ሁለቱም ነው፤ ሳንቲሙም ይወረሳል። የፔኒ ምርት መቆም በራሱ ይህን ደንብ አይሽርም። መንገደኛ ከአገር ሲወጣ በእጁ ሊይዝ የተፈቀደለት ፔኒና ኒኬሉ ተደምሮ እስከ 5 ዶላር ነው። ሁሉም ፔኒ ቢሆን 500 ፍሬ፣ በመዳቡ ሚዛን አንድ ኪሎ ተኩል ትንሽ ፈቀቅ ይላል፤ ከዚያ በላይ ወደ ቦሌ በሚሄድ ሻንጣ ውስጥ አይግባ።